መጀመሪያ ላይ ያለው ወሬ

በዚህ ዘመን ቴፕ ሪከርደር ሳሎኗ ውስጥ ያስቀመጠች ሴት ብትፈልጉ የምታገኙት እኔን ነው። ልጆች ሲያዩት «ምንድን ነው?» ይላሉ። ትልልቆቹ ደግሞ «አሁንም ይሠራል?» ብለው ቁልፉን ሊጫኑ እጃቸውን ይሰዳሉ። ያን ጊዜ ጠባዬ ይበላሻል። እንግዳ እወዳለሁ፣ ብሉ ጠጡ ማለትም አይሰለቸኝም፣ ያን ማሽን ግን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። ለምን ላሉኝ ሁሉ «አሮጌ ስለሆነ ነው» እያልኩ ስመልስ ኖሬያለሁ። ለእናንተ ግን የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አዲስ አበባ ስትታመስ እኔ ጄኔቫ ነበርኩ። ከአንድ የዲፕሎማት ቤት ወጥቼ፣ ኦ ቪቭ በሚባለው ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ቤት ገብቼ ነበር። ምግብ አበስላለሁ፣ ቤት አጸዳለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስታውሳለሁ። ሚስተር ዊልፍ ይባላሉ። ከዓለም አቀፍ ድርጅት ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሰው ነበሩ። በእንግሊዝኛ ስናወራ ያው ሁሉም «ዩ» ነው፤ በሆዴ ግን አንድም ቀን አንተ ብያቸው አላውቅም።

የመጡት ከእንግሊዝ ሰሜን ጫፍ፣ በግና የድንጋይ ከሰል ካለበት አገር ነው። ከዚያ ያመጡት አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ነበራቸው። ባግፓይፕ ሲባል ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ጉንጫቸውን ወጥረው የሚነፉት ይታያችሁ ይሆናል። ይኼኛው የዚያ ታናሽ ወንድም ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጨዋ፣ ለቤት ውስጥ የተሠራ። አፍ አይነካውም። በቀኝ ክንድ ሥር አንጥረኛ እሳት የሚያራግብበት ዓይነት ትንሽ ወናፍ ይታሰራል፤ ወናፉ በግራ ብብት ሥር ያለውን የቆዳ ከረጢት በአየር ይሞላል። ከከረጢቱ የወጡ ረጃጅም ቱቦዎች ከሥር እንደ ንብ ቀፎ እምም ይላሉ። ዜማው የሚወጣበት ዋሽንት ግን ጫፉ ድፍን ነው። ጣቶች ሁሉ ቀዳዳቸው ላይ ሲያርፉ ዜማው ጸጥ ይላል፤ አንዱ ጣት ሲነሣ አንድ ድምፅ ይወጣል፣ ሲመለስ እንደገና ጸጥ። ስለዚህ ድምፆቹ ሰፌድ ላይ እንደተለቀመ አተር አንዱ ከሌላው አይነካካም።

መጀመሪያ ስሰማቸው ወጥ ቤት ሆኜ አፌን በፎጣ ይዤ ስቄያለሁ። ሽማግሌው በክርናቸው የሚያራግቡትን እያየሁ፣ «ምነው፣ ከሰል ሊያያይዙ ነው እንዴ?» ብዬ። ኋላ ግን ለመድኩት። ከሰዓት በኋላ ሳልሰማው ከቀረሁ ቤቱ የተራቆተ ይመስለኝ ጀመር።

እሳቸው ግን «እኔ አልችልበትም። የሚችልበት ቶም ነበር» ይሉ ነበር። ቶም ታላቅ ወንድማቸው ነው። ዊልፍ ተምረው ሲወጡ ቶም ከሰል ጉድጓድ ገባ፤ አቧራው ሳንባውን በላው። መናገር ያደክመው ነበር፣ ደረጃ መውጣት አይችልም ነበር፣ ያን መሣሪያ ግን ይጫወታል፤ ምክንያቱም የሚተነፍስለት ወናፉ ነው። ቶም ቅጂ አይወድም። ከብዙ ልመና በኋላ አንድ ቀን ብቻ፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሪከርደር አስቀምጠው ቀድተውታል። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። በዓለም ላይ ከቶም የቀረው ያ ካሴት ነው። እዚያ ውስጥ የወናፉ ሲጥ ሲጥ ማለት ይሰማል፣ በአንዱ ዜማና በሌላው መካከል የቶም ሳል ይሰማል፤ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ዜማው ሳይጀመር ቶም ይናገራል። «ተቀመጥ ዊሊ፣ ቆመህ አትጠብቀኝ» ነው የሚለው። ሌላ ቦታ ድምፁ የለም።

እኔም ወንድም ነበረኝ። ዳዊት ይባላል፤ ታናሼ ነው፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት። መርካቶ አንድ ሙዚቃ ቤት ካሴት እየቀዳ ይሠራ ነበር። የዓለም ድምፅ ሁሉ ያምረዋል። በስልክ ስለ ሽማግሌው ወናፍ ስነግረው ከሳቀ በኋላ «ስንድዬ፣ በእናትሽ አስቀድተሽ ላኪልኝ» አለኝ። ለሚስተር ዊልፍ ስነግራቸው የአዲስ አበባ ሰው የቶምን ዜማ ሊሰማ ነው ብለው እንደ ልጅ ተደሰቱ። በሁለት በኩል ካሴት በሚይዘው ማሽናቸው ራሳቸው ገለበጡት፣ ራሳቸው አሸጉት፣ ወደ አገር ለሚገባ ሰው ሰጥቼ ላክሁት።

ምርጫው መጣ፣ ግርግሩ መጣ። ዳዊት ከሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ከብዙ ልጆች ጋር ታፍሶ ካምፕ ገባ። ሲፈታ ሰው አልሆነም። በስልክ ጠብ የሚል ቃል ሳይነግረኝ አንድ ቀን በሱዳን በኩል ወጣ። ከካርቱም አንዴ ደወለ፤ ከዚያ በኋላ ጠፋ።

በዚያው ሰሞን ሚስተር ዊልፍ ካሴታቸውን ሊሰሙ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሲከቱት ባዶ ሆኖ ተገኘ። ማሽኑ ቅጂውን አልያዘውም ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ባዶውን አስቀርተው ዋናውን ልከዋል። እኔ ይቅርታ ለመንኩ። እሳቸው «ያሸግሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ምን አደረግሽ?» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። እናቴን በስልክ ብጠይቃት ዳዊት ይዞት እንደወጣ ነገረችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ሽማግሌው አንድ ሰው የምንጠብቅ ሰዎች ሆንን። እኔ ዳዊትን፣ እሳቸው በዳዊት ኪስ ያለውን ቶምን።

ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ በጸደይ ወራት፣ ቅዳሜ ሊደርስ ሲል ከዙሪክ ስልክ ተደወለልኝ። እትዬ ሮማን ይባላሉ፤ ክሎተን አየር ማረፊያ አውሮፕላን የሚያጸዱ፣ ከሰው ሰምቼ እንጂ በዓይን የማላውቃቸው ሴት ናቸው።

«ስንዱ ነሽ? የዳዊት እህት?»

«ነኝ። ምን ተገኘ?»

«ኧረ ደህና ነው፤ አይዞሽ። ከወንድምሽ የመጣ ካሴት እኛ ዘንድ አለ። አብሮት የነበረ ልጅ ነው ያመጣው።»

«እሱስ? የት ነው ያለው?»

«አንቺ ብቻ ነይ፤ ስትመጪ ሁሉንም እንጫወታለን። ቅዳሜ ነይና እዚሁ እደሪ። ብቻሽን ግን እንዳትመጪ፤ ዘመድ ይዘሽ ነይ።»

ይህን የምታነቡ ሰዎች ነገሩ ገብቷችኋል። እኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ በማታም አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ባለቤቱ በሌላ ሰበብ ይጠራል፣ ንጋት ላይ ይረዳል። እኔም ስንቱን ለማርዳት አብሬ ሄጃለሁ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ ስልኩን ሳልዘጋ አውቀው ነበር። የራሴ ሲሆን ግን የሰማሁት «ካሴት» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ካሴት ካለ ድምፅ አለ፤ ድምፅ ካለ ሰው አለ። ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ።

ለሚስተር ዊልፍ ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሡ። ጉልበታቸው ታሞ ከቤት መውጣት ትተው ነበር። «አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ። ዘመድ ይዘሽ ነይ ተብዬ የለ? እሳቸውን ይዤ ሄድኩ፤ ሌላ ዘመድ አልነበረኝም።

ባቡር ጣቢያው ውስጥ አዲስ ባትሪ ገዙ። ትንሹን ማጫወቻ በቦርሳቸው ይዘዋል። ባቡሩ ሐይቁን ይዞ ሲነጉድ ባትሪዎቹን ከተው ደጋግመው ሞከሩት፤ ሞተሩ ሲሽከረከር ጆሯቸውን አስጠግተው እያዳመጡ ፈገግ ይላሉ። «ካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለቱን ትንንሽ ክዳኖች ያኔውኑ ሰብሬያቸዋለሁ። እነሱ ከተሰበሩ ማንም በላዩ ላይ መቅዳት አይችልም» አሉኝ። እኔ የካሴት ቤት ሠራተኛ እህት ነኝ፤ ቀዳዳው ወረቀት ከተወተፈበት እንደሚቀዳ አውቃለሁ። ደስታቸውን ላለመንካት ዝም አልኩ። ደግሞም በዚያ ሰዓት ስለ እኔ ወንድም እንጂ ስለ እሳቸው ወንድም አላሰብኩም ነበር።

የእትዬ ሮማን ቤት ከአውሮፕላኖቹ ማረፊያ ብዙ አይርቅም፤ አንዱ ባለፈ ቁጥር የብርጭቆ መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል። በሩ ሲከፈት ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። ለካሴት ይህ ሁሉ ሰው? ሁሉም ተነሥተው ሳሙኝ፤ ሲስሙኝም ይዘው ቆዩ። አንዷ ሴት ጉንጬን ሳመችና ዓይኗን ሳታሳየኝ ዞረች።

እትዬ ሮማን እጄን አስታጥበው አስቀመጡኝ። «ብዪ፣ ከመንገድ ነው የመጣሽ» አሉ። በላሁ። «ጨምሪ እንጂ፣ ምን ነክቶሽ ነው?» ጨመርኩ። ሦስት ሰዎች ባንዴ አጎረሱኝ። ኋላ እህል በአፏ አይዞርም ብለው እኮ ነው። እኔ ሞኟ ደግሞ የዙሪክ ሰው እንዴት ደግ ነው እያልኩ እጎርሳለሁ።

ካሴቱን ያመጣው ልጅ ኑሩ ይባላል። ጢሙ ገና የወጣ፣ በአየር ማረፊያው የምግብ ማዘጋጃ የሚሠራ፣ የጥገኝነት መልሱን የሚጠብቅ ወጣት ነው። ጥግ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

«ኑሩ፣ አንተ ነህ ከወንድሜ ጋር የነበርከው?»

«አዎ፣ እታለም።»

«እንዴት ነው? ከስቷል?»

«ደህና... ደህና ነበር» አለና ከጃኬቱ ውስጥ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ፕላስቲኩ ተደራርቧል፣ በክር ታስሯል፤ የጨው ነጭ ነጭ ምልክት አለበት። ፈትቶ ለእኔ ሊሰጠኝ ሲል የሚስተር ዊልፍ እጅ ቀደመኝ። ይቅርታ እንኳ አልጠየቁም። ያን ጊዜ ብቻ ነው ባለጌ ሲሆኑ ያየኋቸው።

ካሴቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላበጡት። አውራ ጣታቸው ጀርባው ላይ ቆመ። አየሁት፤ አንደኛው ቀዳዳ በተጠቀለለ ወረቀት ተወትፏል። እሳቸውም አዩት። ማጫወቻውን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ክዳኑን ከፈቱ፣ ካሴቱን ከተቱ።

«አይሆንም!» አሉ እትዬ ሮማን፤ ድምፃቸው ጮኸ። ሁላችንም ደነገጥን። ወዲያው ፈገግታ ለጥፈው «ሻይ ይቅደም ብዬ ነው» አሉኝ። ከዚያ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዘው በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ሚስተር፣ እባክዎ፣ ወጥ ቤት» አሏቸው። ኑሩም ተከተላቸው። በሩ ተዘጋ።

ቆዩ። አንድ አውሮፕላን አለፈ፣ ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ፣ ሌላ አለፈ። ሳሎን ያሉት ስለ ባቡር ዋጋና ስለ ዝናብ ጠየቁኝ፤ መለስኩላቸው።

ሚስተር ዊልፍ ሲወጡ ሌላ ሰው መስለው ነበር። ቀስ ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። የማጫወቻውን ክዳን ከፈቱ፣ ካሴቱን አወጡ፣ በፕላስቲኩ መልሰው ጠቀለሉት። ክሩን ራሳቸው አሰሩት።

«ባትሪው አልቋል ስንዱ» አሉኝ። «ነገ እንሰማዋለን።»

ወዳጆቼ፣ እኔ ያን ጊዜ ተረዳሁ። ንጋት ላይ በደንቡ ከመረዳቴ በፊት፣ ማንም ቃል ሳይናገር። እኚያ ሰው ይህን ካሴት ለማግኘት የታመመ ጉልበታቸውን ጎትተው አገር አቋርጠዋል። ባትሪው አዲስ ነው። ውሸት አያውቁበትም። ወንድማቸውን እጃቸው ውስጥ አስገብተው ሳይሰሙት መልሰው የሚያስሩት የእኔ ወንድም ካልሞተ በቀር ለምን ብለው ነው?

ለምን እንዳልጮህኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። መልሱ ቀላል ነው። ያልተነገረ ነገር አልሆነም። እነሱ እስኪናገሩ ድረስ ዳዊት አለ፤ እኔ ካልጠየቅሁ ደግሞ እስከ ንጋት አይናገሩም። አንድ ሌሊት ላተርፍለት ፈለግሁ። ስለዚህ «እሺ፣ ነገ ይሻላል» አልኩ። ሻዬን ጠጣሁ። ሲቀልዱ ሳቅሁ። እነሱ ያላወቅሁ መሰላቸው፤ እኔም እንዳላወቁብኝ አወቅሁ። ሁላችንም ጣታችንን በየቀዳዳው ላይ ከድነን ተቀመጥን፤ ዜማ የለም፣ ከሥር ያ እምምታ ብቻ አለ። ሚስተር ዊልፍ መላ ምሽቱን እጄን ይዘው ነበር። እንግሊዝ እጅ አይይዝም።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ማታ የሄዱት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተመልሰው መጡ። እትዬ ሮማን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው አቀፉኝ፤ «ልጄ...» ብለው አልጨረሱትም።

ኑሩ ነገረኝ። ሊቢያ ባሕሩ ዳር ሁለት ጀልባ ነበር። ፕላስቲኩን ያገኘው ኑሩ ስለሆነ ዳዊት ካሴቱን ለእሱ ሰጠው፤ «አንተ ቀድመህ ከደረስክ ለእህቴ ስጥልኝ፣ እኔ ከደረስኩ መልስልኝ» ብሎት። የኑሩ ጀልባ ደረሰ። ከሁለተኛው የተረፈ አንድ ልጅ ነበር፤ ዳዊትን እስከ መጨረሻው ያየው እሱ ነው። ያን ልጅ አግኝተው እርግጡን እስኪያውቁ ነው ካሴቱ ኑሩ ዘንድ የቆየው።

ጮህኩ። ዕለቱ እሁድ ነበር። በዚያ አገር እሁድ ልብስ ማጠብ እንኳ ጎረቤት ያስቆጣል። እትዬ ሮማን ግን አስቀድመው በየበሩ አንኳኩተው፣ «ነገ ጠዋት ቤቴ ውስጥ ለቅሶ አለ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ታገሡን» ብለው አስፈቅደው ነበር። ለእኔ ለቅሶ ፈቃድ ወጥቶለት ነበር ማለት ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ቀጠልኩ። ከእንግዲህ እድሜዬን ሙሉ እንደዚያ እንደማለቅስ አላወቅሁም።

ረፋዱ ላይ «አሰሙኝ» አልኩ። ማንም አልከለከለኝም። ሚስተር ዊልፍ ክሩን ፈቱ፣ ካሴቱን ከተቱ፣ ተጫኑት። ባትሪው ደህና ነበር።

«ሄሎ... ሄሎ... አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» አለ ወንድሜ። የካሴት ቤት ልማዱ ነው። «ስንድዬ፣ እኔ ነኝ። ደህና ነኝ። ያለሁበት ቤት ሰው ይበዛበታል፣ ለዛ ነው ቀስ የምለው። የሽማግሌውን ሙዚቃ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ለምዶታል፤ አንዱ በግ የሚያርድ ይመስላል ይላል፣ ሌላው ሳይሰማ አይተኛም። ካሴት ስላጣሁ እዚሁ ላይ ነው የምቀዳው። እንዳይቆጡ ንገሪያቸው፤ ሙዚቃውን ንክች አላደረግኩትም። መጀመሪያ ላይ ያለውን ወሬ ብቻ ነው ያጠፋሁት።»

ጆሮዬን ያዝኩ። ካሴቱ ግን ቀጠለ።

«አሁን የምናገረውን ለእማዬ በስልክ አሰሚልኝ፤ እሺ? ... እማዬ፣ ዳዊት ነኝ። ደህና ነኝ፣ እየበላሁ ነው። ሥራ ላይ ስለሆንኩ ብዙ አላወራም። መድኃኒትሽን እንዳትረሺ። ደርሼ እደውልልሻለሁ። በቃ፣ ቻው እማዬ።»

ቀጭ አለ። ወዲያው ወናፉ ሲጥ አለና ያ እምምታ ክሎተን ሳሎን ውስጥ ተነሣ፤ በላዩም የቶም ጣቶች አንድ በአንድ። ካሴት ቤት ያደገ ልጅ ነዋ፤ ቦታውን ለክቶ፣ አንዲት የዜማ ጠብታ ሳያበላሽ፣ ልክ ዜማው ሊጀምር ሲል አቁሟል። በካሴት ቤት ሕግ ከዜማ በፊት ያለ ንግግር ትርፍ ነው፣ የሚቆረጥ ነው። ለሽማግሌው ክብር ሲል የተጠነቀቀውን ያህል ተጠንቅቆ፣ «ተቀመጥ ዊሊ፣ ቆመህ አትጠብቀኝ» የሚለውን የቶምን ድምፅ ከምድር ላይ አጠፋው።

የመጀመሪያው ዜማ ሲያልቅ ቶም ሳለ። ሚስተር ዊልፍ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

«ወንድምሽ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

ምን ልበላቸው? ልጁ ሞቷል፤ የቶም ቃል እንደሌለ እሳቸውም ሰምተዋል፤ የጠፋው ጠፍቷል።

«ሙዚቃዎን አልነካሁም አለ» አልኳቸው።

«ጠንቃቃ ልጅ ነው» አሉኝ። «ወንድምሽ በጣም ጠንቃቃ ልጅ ነው።»

ስለ ቶም ድምፅ ያን ቀንም፣ በመልስ ባቡርም፣ ከዚያ በኋላም አንስተውት አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእኔ ሳይነግሩኝ፣ ካሴቱን ዙሪክ ውስጥ አሮጌ ቅጂ ለሚያድስ ባለሙያ ልከውት ኖሯል። ባለሙያው በላዩ የተቀዳ ነገር ከሥሩ ምንም አያስቀርም ብሎ መለሰው። ይህንንም የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ቤት ውስጥ ግን ካሴቱን ከፍተው ሲሰሙ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ከዳዊት ይጀምሩ ነበር፤ ቋንቋውን ሳያውቁ ጆሯቸውን አስጠግተው። ከሥሩ ምን እንደሚፈልጉ አውቅ ነበር። እኔም እፈልግላቸው ነበር። የለም።

መሣሪያውን ዳግመኛ አልያዙትም። ቆዳው ደረቀ። ሆስፒታል ገብተው በመጨረሻው ሳምንት ከአልጋቸው አጠገብ ቆሜ ሳያቸው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣ በማይሰማ ድምፅ «ተቀመጪ ስንዱ፣ ቆመሽ አትጠብቂኝ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ሳለሁ ሞቱ።

ያ ቅዳሜና እሁድ ምን ለወጠብሽ የምትሉኝ ካላችሁ፣ ከጨለማው በኋላ ብርሃን አየሁ የሚል ነገር ከእኔ አትጠብቁ። አላየሁም። የለወጠው ይህን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያወራኝ አላቋርጥም። «ወደ ፍሬ ነገሩ ግባ» አልልም። ስለ ዝናብ፣ ስለ ባቡር ዋጋ፣ ተቀመጥ ተነሣ፣ በላህ ጠጣህ፤ እሱን ነው የምሰማው። እናንተም የሰው ድምፅ ያለበት ነገር በእጃችሁ ካለ ወሬውን ቆርጣችሁ አትጣሉ። ምክሬ ይኸው ነው፤ ለእኔ አልጠቀመኝም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱን ብነግራችሁ ይሻላል።

እናቴ አልተረዳችም። ልቧን የታመመች ናት፤ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች ተማክረው ይህ ከተነገራት አንድ ቀን አታድርም አሉ። መርዶው እኔ ዘንድ እንዲቀመጥ ተወሰነ። እሷ ግን በደወልኩ ቁጥር «ዳዊት ደወለ?» ትለኛለች። እሱም በአፉ «ለእማዬ አሰሚልኝ» ብሏል። አሰማኋት። ስልኩን ከማሽኑ አጠገብ አድርጌ፣ «መስመሩ መጥፎ ነው፣ የአንቺን አይሰማም፤ አንቺ ብቻ ስሚው» ብዬ። አለቀሰች፣ እልል አለች፣ መድኃኒቷን ዋጠች። ከወራት በኋላ ስትጨነቅ ደግሜ አሰማኋት። ከዚያም ደገምኩ። ሁልጊዜ «ቻው እማዬ» ሲል ልዘጋው እጄን እሰድዳለሁ፣ ሁልጊዜ እዘገያለሁ፤ እጄ የወንድሜን ድምፅ ለመዝጋት አይፈጥንም። ወናፉ ይገባል፣ ዜማው ይገባል፣ አንዳንዴ እስከ ሳሉ ይደርሳል። «የሥራ ቦታው ሙዚቃ ነው» እላታለሁ።

ሚስተር ዊልፍ ከሞቱ በኋላ ጄኔቫ ዳር ቶኔ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ይዤ ብቻዬን መኖር ጀመርኩ፤ ማሽኑንና ካሴቱን እሳቸው ለእኔ ትተውልኝ ነበር። አንድ ቀን ከዚያ ደወልኩ። እናቴ ደከም ብላለች። «ዳዊት አጠገቤ ነው እማዬ፣ ላገናኝሽ» አልኳት። ተጫንኩት። ደህና ነኝ፣ እየበላሁ ነው፣ ቻው እማዬ። ወናፉ፣ ዜማው። ያን ቀን ጨርሶ መዝጋት አቃተኝ። ቶም ሳለ። ዘጋሁት።

ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩ።

«ስንዱ» አለችኝ።

«አቤት እማዬ።»

«ያ የሚያስለው ሰውዬ ማነው?»

«አብሮት... አብሮት የሚሠራ ሰው ነው።»

«ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ነው የሚያስለው» አለች።

እጄን ከማሽኑ ላይ አነሣሁ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቄዋለሁ፤ ላንቺ ብዬ ነው እልል ያልኩት» አለችኝ እናቴ። «ይብቃ አሁን፣ ልጄ። አታድክሚያቸው። ሁለቱንም አሳርፊያቸው።»